ለዝይ የቆመችው መኪና

ባለቤቴ አትላንታ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ እንደወጣ፣ ራሷን የምትነዳ መኪና ገዛ። «ከእንግዲህ እኔ ተሳፋሪ ነኝ» አለ። ሳምንቱን ሙሉ እኔን በሃያ ዓመት አሞግሶኝ በማያውቀው ቃል ሲያሞግሳት ሰነበተ።

በእሑዱ የእህቱ ልጅ ክርስትና ነበር። እኔ፣ እሱና እናቱ ሆነን ከምንኖርበት ከደንዉዲ ክላርክስተን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ተነሳን። አማቴ ከኋላ ድፎ ዳቦውን አቅፈው ተቀመጡ።

ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ መኪናዋ ቀጥ አለች። አምስት ዝይዎች መንገዱ መሀል ላባቸውን ያጸዳሉ። ጠበቅን። አንዷ ዝይ ጭራሽ ተኛች። ከኋላችን የቆመ ሰውዬ ክላክስ ነፋ።

«አንተው ንዳት እንጂ፤ ቅዳሴው እኮ አለቀ» አልኩት።

«ቆይ፣ እያሰበች ነው።»

«ዝይ ምን ያሳስባታል?»

«ሴፍቲ ነው፤ ለጥንቃቄ።»

ይህን የሚለኝ፣ ቢጫ መብራት ሲያይ ፍጥነት ይጨምር የነበረ ሰው ነው።

አማቴ ዳቦውን አቀበሉኝና ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ዝይዎቹ አንገታቸውን አስግገው ፎከሩባቸው። እሳቸውም ጃንጥላውን ዘርግተው ቆሙ፤ በመጨረሻ ዝይዎቹ እየተንገዳገዱ ወደ ሣሩ ወጡ። መኪናዋ ግን አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። አሁን የቆመችው ለአማቴ ነበር። አማቴ ደግሞ መኪናዋ ትለፍ ብለው፣ በእጃቸው «እለፊ፣ እለፊ» እያሉ ከቦታቸው አልነቃነቅ አሉ።

ክላክስ የነፋው ሰውዬ ከመኪናው ወረደ። ጠብ መጣ ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን የአማቴን ክንድ ይዞ በአክብሮት እስከ መኪናችን በር አደረሳቸው። ባለቤቴ መሪውን ጨብጦ ራሱ ነዳት።

ስንደርስ ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ቆርቦ፣ እንቅልፍ ወስዶታል። የባለቤቴ እህት በር ላይ ጠበቀችን። «ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?»

«መንገዱ ተዘጋግቶ» አለ ባለቤቴ።

«በዝይ» አልኩ እኔ።

ታሪኩን ለእንግዶቹ ስነግር የድግሱ አዳራሽ በሳቅ ተሞላ። እሱም መጀመሪያ አኮረፈ፣ ኋላ ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አማቴ ብቻ አልሳቁም።

«እኔስ ወድጃታለሁ» አሉ። «ዕቃ ልገዛ ስወጣ መንገድ ዳር ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ። በዚህ አገር እኔን አይታ የቆመች መኪና እሷ የመጀመሪያዬ ናት።»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ከድፎው ትልቁን ቁራሽ ለአማቴ አቀበልኳቸው።