ከጥቁሩ ባና ሥር

ዝርዝሩን ልሳሳት እችላለሁ፤ ወሩ መስከረም ይሁን ጥቅምት እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። አጎቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ ዳር በደረታቸው ተኝተው፣ ጥቁር የሱፍ ባና ከነካሜራቸው ተከናንበው፣ የውኃ ዳር ወፎችን ፎቶ ያነሡ ነበር። «በግ እመስላቸዋለሁ» ይላሉ። ከባናው ሥር አብራቸው የምትገባው የአክስቴ ልጅ ብርቄ ነበረች።

«ብርሃኑን ቀንሺ፤ የወፏ ደረት ነጭ በብርሃን ብዛት እንዳይቃጠል። ዓይኗ ላይ አነጣጥሪ፤ ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ» ሲሏት እሰማለሁ። እኔ ካሜራዬን ይዤ ከጎን እንደቆምሁ ቅናት ያንገበግበኛል።

«አንተ የመብራት ምሰሶ፣ አባረርክብን እኮ!» ይሉኛል፤ እሷ ትስቃለች።

በእሷ ፎቶ የወፏ ላባ አንድ በአንድ ይለያል፤ በእኔ ፎቶ ወፏ ነጭ ጭጋግ ናት። ዛሬ አጎቴ የሉም፤ ረግረጉ ዳር የተጋደመ ጥቁር ነገር ስለማላይ ሜዳው ሰፍቶብኛል። ቅናቴ ግን አልበረደም፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ ባናው እንዳልጠሩኝ ነበር የማስታውሰው።

ከአርባቸው በኋላ ከተበላሹት ፎቶዎቼ አንዱን፣ ከወፏ ጋር እነሱም የገቡበትን፣ ከፍቼ አጎላሁት። ወፏን ያቃጠለው ብርሃን የጥቁሩን ባና ውስጥ ገልጦታል። በአጎቴ አንድ ጎን ብርቄ ተኝታለች። በሌላው ጎናቸው የባናውን ጠርዝ በእጃቸው ከፍ አድርገው ወደ እኔ ያያሉ፤ ከሥሩ የአንድ ሰው ቦታ አለ።