ፈትሂያ እናቷን ለማዘል

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ጂማችን ጠዋት ጠዋት የሴቶች ነው። በሩ ላይ መጋረጃ ይጋረዳል፤ አሰልጣኟ እኔ ጽናት ነኝ። አዲስ ሰው ሲመጣ «ለምን መጣሽ?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሰርግ ደርሶባት፣ ቦርጭ አስቸግሯት፣ ወይ ባሏ አንድ ነገር ተናግሯት ነው። አንዳንዷማ መስታወቱ ፊት ክንዷን ፎቶ አንስታ ትሄዳለች እንጂ ብረቱን ነክታው አታውቅም።

ፈትሂያ ግን «እናቴን ማዘል እፈልጋለሁ» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ፈትሂያ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር ስታጠነጥን የምትውል፣ ሆጤ ሰፈር ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ሲያዩዋት ነፋስ የሚወስዳት ትመስላለች። እናቷ እማማ ሐዋ ከረመዷን በፊት ጓሮ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ድኗል ቢባልም እግራቸው አልቆም አለ። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በራቸው ያለው የድንጋይ ደረጃ ባጃጅ አያስወጣም፣ ሁለት ሰውም ጎን ለጎን አያስኬድም። የፈጥርን ዒድ እማማ ሐዋ አልጋ ላይ ሆነው፣ ከታች ከሜዳው የሚመጣውን የሰጋጆች ተክቢራ እየሰሙ ሲያለቅሱ ዋሉ። ፈትሂያም «አረፋን ሜዳ ወርደሽ ከሰው ጋር ትሰግጃለሽ» ብላ ቃል ገባችላቸው።

«የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ቢያወርዷቸውስ?» አልኳት።

«ጠይቀዋታል። ‹ወላሂ፣ ከዚህ ቤት በቃሬዛ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ገና ነው› አለቻቸው። ባዕድ ወንድ አይሸከመኝም ትላለች። ወንድሜ ሳዲቅ ጅዳ ነው። ያለሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ስትለኝ ወደድኳት። ጉልበቴን ተጎድቼ ደረጃ ላይ መሸከም ባልከለከል ኖሮ እኔው አወርዳቸው ነበር። በማግስቱ የጂሙን ሚዛን በፌስታል ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ ሐዋን አቅፌ ሚዛኑ ላይ ቆምኩና የራሴን ቀነስኩ፤ ሃምሳ ስምንት ኪሎ።

«ውይ፣ ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ልትሸከም ነው?» አሉ እማማ ሐዋ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

ብረት እጀታ አለው፤ ሰው ግን የለውም። ስለዚህ ለፈትሂያ ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ ሞላሁላት። በትንሽ ጀመርን፤ ስትለምደው እጨምርበታለሁ። ተሸክማ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ሳጥኑ ላይ ወጥታ ትወርዳለች። ከዚያ ላቧን ጠርጋ ሰርቪሷን ትይዝና የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ሥራዋ ትገባለች። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።

አሸዋው አርባ ኪሎ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ስጨምርበት ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ እናቷን ከአልጋ እስከ በር አዘለች። ቀጥሎ ግቢውን አዞረቻቸው። አንድ ጠዋት እየሮጠች መጣች።

«ጽኒ፣ ወላሂ ዛሬ እስከ አጥሩ በር አደረስኳት! ‹ከበድኩሽ?› ስትለኝ ‹ምንም!› አልኳት።»

ደስታዋን ላለማበላሸት አብሬያት ጨፈርኩ። ሆዴ ግን አላመነም። አሸዋ ለማንም አያዳላም፤ አርባ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት ሃምሳ ስምንትን «ምንም» አይልም።

የእረፍት ቀኗን ጠብቄ ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ። ግቢ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሁለቱን ዶሮዎች ነው፤ መራመድ እስኪያቅታቸው ወፍረዋል። ተከትለውኝ ቤት ገቡና እንደተጠራ እንግዳ አልጋው ሥር ቆመው ወደ ላይ ማንጋጠጥ ጀመሩ። እማማ ሐዋ ሻሻቸውን እስከ አገጫቸው ስበው «ሂዱ ወዲያ!» ይሏቸዋል፤ ወይ ፍንክች።

ፈትሂያ እናቷን አዝላ ሚዛኑ ላይ ወጣች። የእሷን ቀነስኩ። ሃምሳ አንድ።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለች ፈትሂያ።

እኔ ወጣሁበት። ለእኔ ምንም አልቀነሰልኝም።

ያኔ አንዷ ዶሮ ዘላ አልጋው ላይ ወጣችና ምሳ ዕቃውን በመንቆሯ ትመታ ጀመር። ፈትሂያ ወደ ፋብሪካ ከመሄዷ በፊት በየቀኑ ፍርፍር ሞልታ አልጋው ራስጌ የምታስቀምጠው ምሳ ዕቃ ነው። ማታ ስትመለስ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፤ እራት ስታቀርብ ደግሞ «ምሳው መቼ ወረደልኝና!» ይሏታል።

«እማማ፣ ምሳዎን ማን ነው የሚበላው?» አልኳቸው።

«እነሱስ የአላህ ፍጥረት አይደሉም?» አሉ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው። ከዚያ እውነቱን አወጡት። «አሸዋ ተሸክማ የመጣች ለት ማታ ጀርባዋን ይዛ ስታቃስት ሰማሁ። እኔስ ምን ልሥራ? ብረት አላነሳ! እንዲቀልላት ብዬ ነው።»

ፈትሂያ መሬት ተቀምጣ ራሷን የእናቷ ጭን ላይ አደረገች። «እኔ ጠነከርኩ ብዬ ስጨፍር፣ አንቺ እያለቅሽብኝ ነበር?» አለች እያለቀሰች። «እማ፣ ቀልለሽ ሶላቱ ላይ ከምትደርሺ፣ ከብደሽ ቤት ብትቀሪልኝ ይሻለኛል።»

እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። ወጥቼ ዶሮዎቹን ተሳደብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንለካው ሁለት ነገር ሆነ፤ የፈትሂያ አሸዋ መጨመር አለበት፣ እማማ ሐዋም መጨመር አለባቸው። አንዱ ብቻውን ቢጨምር አልቆጥረውም አልኩ። ጎረቤታቸው አቶ በሺር ወፍራሟን ዶሮ አረዱልን፤ እሷም የበላችውን ፍርፍር በሾርባ መለሰች። ፈትሂያም የምሳውን ፍርፍር በጠዋቱ ለእናቷ አብልታ ካልጨረሰች ከቤት አትወጣም፤ አንድ ቀን ሰርቪስ አምልጧት ታክሲ ተጋፍታ ወርዳለች። አረፋ ሲቃረብ እማማ ሐዋ ሦስት ኪሎ መልሰዋል፤ አሸዋው ሃምሳን በመከራ አለፈ። ይበቃል ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም።

የአረፋ ጠዋት ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እማማ ሐዋ ነጭ በነጭ ለብሰው በጋቢ ከልጃቸው ጀርባ ጋር ታሰሩ። እኔ ከፊት ሆኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ እወርዳለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

መሐል ላይ የፈትሂያ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። ከደረጃው ጎን ያለውን ግንብ ተደግፋ ቆመች። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል፤ ተክቢራው ከታች ይሰማል። እማማ ሐዋ ዱዓቸውን አቁመው ጆሮዋ ሥር ጠየቋት።

«ከበድኩሽ?»

ፈትሂያ ትንፋሿን ሰብስባ ጋቢውን አጠበቀች።

«አዎ እማ» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ከብደሽኛል።»

እማማ ሐዋ ጀርባዋ ላይ ሆነው ሳቁ። እሷም የቀረውን ደረጃ ቀስ እያለች ወረደችው።