በአባ ስልክ ሆድ ውስጥ የቀረው ዘፈን

ሰቆጣ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሞቱ ስልኮችን እየከፈትኩ፣ አንዳንዶቹንም ጨርሼ እየገደልኩ ነው የተማርኩት። በገበያ ቀን ከጽጽቃም ከአበርገሌም የመጣ ሰው ስልኩን እኔ ዘንድ ይሰካና ፍየሉን ሊሸጥ ይሄዳል፤ ሲመለስ «ሞላልኝ?» ይለኛል፣ እኔም «ሞልቷል» እለዋለሁ። እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ሴት ነኝ።

ጤንነቴ የሚያበቃው እነዚያ ልጆች ላይ ነው።

ልጆቹ ሦስት የሰቆጣ ወጣቶች ናቸው። አንድ ኦርጋንና አንድ ኮምፒውተር ነበራቸው። በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ የተዘፈነ የሠርግ ዘፈን ይወስዱና ከሥሩ በኮምፒውተር የተሠራ ምት ይከቱበታል፤ ዱም ዱም እያለ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያንኳኳ። የገበሬ የበሬ መንጃ ጩኸት፣ የፍየል ቃጭል፣ የጅራፍ ጧታ ሳይቀር እየቆረጡ ይደጋግሙታል። መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብዬ ስልኩን አራግፌዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እየጨፈርኩ ደንበኛ ገባብኝ።

በይፋ ያወጡት ዘፈን ጥቂት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሰዉ ከተማውን ለቆ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ቤት ቀረ፣ ሲመለሱ ቤቱ አለ፣ ኮምፒውተሩ የለም። ልጆቹም ተበተኑ። ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዱ ጅዳ። ያልወጡት ዘፈኖች ግን በየሰዉ ስልክ ውስጥ ቀርተዋል፤ ለአንዱ ለሙከራ የላኩለት፣ ለሌላው በብሉቱዝ የሰጡት፣ ደግሞ ሠርግ ቤት ውስጥ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ የቀዳው። እኛ የምንሰበስበው እነዚያን ነው።

እኛ ስል ብዙ ሕዝብ አይምሰላችሁ። ዋናዎቹ እብዶች እኔና አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነን። እሱ ከሰቆጣ አምደወርቅ ይሠራል፣ በየመንገዱ የተሳፋሪ ስልክ ይጠይቃል፣ ተሳፋሪውም ሌባ ይመስለዋል። ሕጋችን ቀላል ነው፤ ዘፈን አይሸጥም፣ በነፃም አይሰጥም፣ በዘፈን ይለወጣል እንጂ። አንድ የሠርግ ዘፈን አለ፣ እኔ ጋ ያለው ንጹሑ ነው፤ እሱ ጋ ያለው ላይ ዘፋኙ መሐል ላይ ያስላል። «የኔ ይበልጣል፣ ያ ሳል የትም አይገኝም» ይለኛል። «ሳል ምን ያደርግልኛል፣ ቤቴ ሙሉ ጉንፋን ነው» እለዋለሁ። በልቤ ግን ሳሉን እመኘዋለሁ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አይቶ አንድ ቀን ለጎረቤት ሲያስረዳ ሰማሁት፤ «የኔዋ ሚስት ኮምፒውተር ሆዱን ሲያመው የሚያሰማውን ድምፅ ነው የምታጠራቅመው።»

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ አንድ የጠፋ ዘፈን ነበር። ጅዳ ያለው ልጅ በድምፅ መልእክት «ከመበተናችን በፊት የሠራነው የመጨረሻው ዘፈን ከሁሉም ይበልጥ ነበር፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ሄደ» ብሎን፣ መጀመሪያውን በአፉ አንጎራጎረልን፤ «ቲሪ ቲ ቲ፣ ዱም።» ከዚያ በላይ አላስታወሰም። እኔና ሹፌሩ ያችን ማንጎራጎር ራሷን እንደ ዘፈን አስቀምጠናት ቀን በቀን እንሰማት ነበር።

አንድ ቀን ሹፌሩ ሚኒባሱን ሱቄ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ተሳፋሪውን እንደጫነ ዘሎ ገባ።

«አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«የጠፋውን! ከኋላ ወንበር ላይ ጠራ!»

«ዘፈን ነው የጠራው?»

«ስልክ ነው እንጂ! የቄስ ስልክ! ቲሪ ቲ ቲ ዱም አለና፣ ቄሱ አቤት ብለው አነሱት!»

ከውጭ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ አገር አለንኮ!» እያለ ይጮኻል። እሱ እቴ! የቄሱን መልክ፣ የጥምጥማቸውን አጠማጠም፣ የወረዱበትን ቦታ ሲነግረኝ ወገቤን ያዝኩ። የኔው የንስሐ አባት ናቸው። ስልካቸው ስንት ጊዜ በእጄ ገብቶ ወጥቷል! ግን ሁልጊዜ የሚያመጡልኝ ባትሪው አልቆ፣ ጠፍቶ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁትና ይዘውት ይሄዳሉ። አንድም ቀን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። መንደራቸው ከአምደወርቅ መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ስልኩን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ባትሪው አብጦ በላስቲክ ታስሯል፣ ስክሪኑ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠሩት አረንጓዴውና ቀዩ ቁልፍ ብቻ ናቸው። የሚሞሪው ቦታ ባዶ ነው። ዘፈኑ ያለው ስልኩ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው። ለእሱ የሚሆን ስክሪን ሰቆጣም ወልድያም የለም። ልክፈተው እንዳልል፣ ስልክ ስከፍት የሚደርሰውን ነግሬያችኋለሁ።

«አባ፣ ይሄን ድምፅ ማን አደረገልዎት?»

«ልጄ ናታ! ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል አድርጋልኝ ሄደች። ደህና ደወል ነው፣ ከሩቅ ይሰማል። አሁን ደግሞ ለገና በሰው አዲስ ስልክ ልትልክልኝ ነው። ያ ሲመጣ ይሄንን ለልጆች መጫወቻ እሰጠዋለሁ።»

መጫወቻ! 

«ለአንድ ቀን ይተዉልኝ፣ አባ።»

«እሱስ አይሆንም፣ ልጄ። ብትደውልስ?»

ነገሩ ይሄ ነው። ልጅቱ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የምትደውለው ማዳሟ ስትወጣ ጠብቃ ነው፣ አንዴ ከአንዱ ቁጥር፣ አንዴ ከሌላው። መልሶ መደወል አይቻልም። ያ ጥሪ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ስክሪኑ ስለሞተ ደግሞ ማን እንደደወለ አይታይም። ስለዚህ አባ ማንም ይደውል ማን ገና በመጀመሪያው ድምፅ ነው የሚያነሱት።

«እሺ፣ እዚሁ እርስዎ ፊት እኔ ልደውል። እርስዎ ግን አያንሱት። ድምፁን ልቅዳው።»

«እሺ፣ ልጄ።»

አንዱን ስልኬን ለመቅጃ አዘጋጀሁ፣ በሌላው ደወልኩ። ቲሪ ቲ ቲ—

«አቤት!»

«አባ! እኔ ነኝኮ!»

«እኮ፣ አቤት!»

ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጉልበታችን ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ በስልክ እናወራለን።

«አያንሱት አልኩዎት እኮ።»

«ሰው እየጠራኝ ዝም ልበል? ደግሞ እሷ ብትሆንስ?»

«እኔ ነኝ የደወልኩት፣ እያዩኝ!»

«አንቺንማ አያለሁ። እሷንስ በምን አያለሁ?»

 እንደገና ሞከርን፤ እንደገና «አቤት!»። እጃቸውን ይዘው እንዲቀመጡ ነገርኳቸው፤ ያዙ፣ ስልኩ ሲጠራ አንዱ እጃቸው ከሌላው አምልጦ አነሳው።

ከዚያ በኋላ እኔና ሹፌሩ እረፍት አጣን። አንዳችን አጠገባቸው መቅጃ ይዘን ሌላችን እንደውላለን፤ ምሳ ሲበሉ ደወልን፣ በጉርሻ አፍ «አወት!» አሉ። ቀን ጋደም ሲሉ ደወልን፣ በእንቅልፍ ልባቸው አነሱት። ቅዳሴ ላይ እንዳንል ያን ጊዜ ስልኩ ይጠፋል። ስልኬ በመጀመሪያዋ ቁራጭ ተሞላ። አንድ ቀን ሹፌሩ በደስታ መጥቶ፣

«መላ አገኘሁ። ቁርጥራጮቹን እንቀጣጥላቸው!» አለኝ።

«ምኑን ከምኑ? ስልክ ሲጠራ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የሚነሳው። ያለን ሁሉ ቲሪ ቲ ቲ ነው!»

አሰበ፣ አሰበና «እሱስ ልክ ነሽ» ብሎ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። 

አንድ ቀን አባ ስልክ ሊሞሉ መጥተው «ነገ ማር እቆርጣለሁ፣ ነይና ቅመሽ» ሲሉኝ ግን ዓይኔ በራ። ማር የሚቆርጥ ሰው እጅ የለውም! ለሹፌሩ ነገርኩት፤ «ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ደውል፣ እስኪቋረጥ እንዳትዘጋ።»

አባ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ጭሱን አጭሰው፣ እጃቸውን እስከ ክንድ ቀፎው ውስጥ አስገቡ። ስልኩን የድንጋዩ ካብ ላይ አስቀመጡት። እኔ አጠገቡ መቅጃዬን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እንደ ጋዜጠኛ። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ልትቀመጥ ጥቂት ሲቀራት ስልኩ ጠራ።

ቲሪ ቲ ቲ፣ ዱም። ቀጠለ! ከዱም በኋላ ሌላ ዱም አለ፣ ከዚያ ቃጭል ገባ—

«አቤት! አቤት! ልጄ፣ አንሺው!» ይላሉ አባ ከንቡ መሐል።

«ሹፌሩ ነው፣ አባ!»

«በምን አወቅሽ?»

ስክሪኑን አየሁት። ጥቁር ነው። ፀሐይዋን አየሁ፤ ገና ናት። አባ ዞረው አዩኝ፤ አልጮኹም፣ ክንዳቸው በማር እንደተነከረ ቆመው «ልጄ ብትሆን» አሉኝ ብቻ። ዘፈኑ ደግሞ አሁን ገና መጣፈጡ ነው። ጥርሴን ነክሼ አነሳሁት።

«አባዬ?» አለችኝ ልጅቱ።

«እሷ ናት፣ አባ!» ብዬ ጮኽኩ። አባ ማሩ እየተንጠባጠበ፣ ንቡ እየተከተላቸው ሮጠው መጡ። መያዝ ስለማይችሉ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደግፌ ቆምኩ። በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ ያ ወገብሽ እንዴት ሆነ፣ ይባባላሉ። በዚህ መሐል አንዷ ንብ የዓይኔን ቆብ ነደፈችኝ፤ እጄን ወደ ዓይኔ እንዳልሰድ ስልኩን ይዣለሁ፣ እንዳልጮህ ወሬያቸውን እቆርጣለሁ።

«ስልኩን የያዘችልኝ የንስሐ ልጄ ናት፤ ስልክህን አታንሳ እያለች መከራዬን ታበላኛለች» ብለው ከሰሱኝ።

«ለምን?» አለች ልጅቱ። ተቀብዬ ነገርኳት። ሳቋ ከስልኩ አልፎ ቀፎው ድረስ ተሰማ።

«ያ ዘፈን አሁንም አለ? የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ናቸውኮ! ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙት ለኔ ነው። አባዬን አገናኚኝ። አባዬ፣ ማዳም ገበያ ናት፣ ጊዜ አለኝ። አሁን ዘግቼ መልሼ እደውላለሁ። እኔ ነኝ የምደውለው። እንዳታነሳው!»

አባ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማር የነካ እጃቸውን ጉልበታቸው መሐል ሸጎጡ። እኔ በአንድ ዓይኔ መቅጃዬን አስተካከልኩ። ስልኩ ጠራ።

ቲሪ ቲ ቲ፣ ዱም፣ ዱም። ቃጭሉ ገባ። አባ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው፣ «አቤት» አሉ። እጃቸው ግን አልወጣም። ከዚያ አንድ ገበሬ በኽምጥኛ በሬውን ሲነዳ መጣ፣ ጩኸቱ እየተቆረጠ እየተደጋገመ፤ በላዩ ላይ የሴቶች እልልታ፣ እሱም እየተቆረጠ፣ «ል ል ል ል» እያለ እንደ ዝናብ ወረደ። አባ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቀጥሎ አለው እንዴ?»

«ዝም ይበሉ፣ አባ!» የንስሐ አባቴን ዝም ይበሉ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄ ሁሉ ነበረው? ይኸውልሽ፣ የኛው ሰውዬ እኮ ነው የሚናገረው!»

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ዘፈኑም ጥሪው እስከቆየበት ድረስ ተቀዳ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መጨረሻውን እስካሁን የሰማ የለም። እኔ በደስታ ዓይኔን መርሳቴ ነው። ወዲያው ደግሞ ልጅቱ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች፤ «ተቀዳ ወይ?» ልትል ነው። ቲሪ ቲ ቲ አለ። አባ እንደተቀመጡ ናቸው።

«አባ፣ አሁንማ ያንሱት!»

«ቆይ እስቲ፣ እልልታው ይድረስ።»

እልልታው ደርሶ፣ አልፎ፣ ልትዘጋ ስትል ነው ያስነሳኋቸው። ሹፌሩ ማታ ሲያገኘኝ በንዴት ነበር፤ «ስደውል ተይዟል፣ ስደውል ተይዟል! ቄሱ ከማን ጋር ነው እንዲህ የሚያወሩት?» አለኝ። መልሱን ትቼ ዘፈኑን ከፈትኩለት። ሲጨርስ ያበጠ ዓይኔን አየና «ያስለቅሳል፣ አይደል?» አለኝ።

ለገና አዲሱ ስልክ መጣ። አባ ይዘውልኝ መጡና ያንኑ ዘፈን ደወል አድርጌ ጫንኩላቸው፣ የንቡ ድምፅም እሳቸው ያሉት «አቤት»ም ውስጡ እንዳለ። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ የሚደውለው ሰው ስም ጎልቶ ይታያል፤ የማያውቁት ቁጥር ሲመጣም ልጃቸው ናት ማለት ነው። አሁን ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም አልኩ።

በቀደም ለታ ሱቄ ውስጥ ስልኬ ጠራ፣ የውጭ ቁጥር ነው፤ ቁጥሬን አባ ሰጥተዋት ኖሯል።

«አንቺ ሴትዮ፣ አባቴን ምን አደረግሽብኝ?» አለች ልጅቱ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ስልክ አያነሳም! ማዳም ደጅ ደርሳ ልትገባብኝ ነው፣ እኔ እደውላለሁ፣ እሱ ዝም። በስንት መከራ አንስቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ስልኩ ራሱ አቤት ብሎሻልኮ፣ አልሰማሽም ወይ!»