በእኔ ቅኝት

በባሕር ዳር የነበረን ባንድ ሲበተን አራት ነበርን። ዘፋኙ በመተማ በኩል አድርጎ ጠፋ፣ ድራም መቺው ለውትድርና ተወሰደ፣ ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ደግሞ በማይረባ ነገር ተኳርፈን ቀረን። እኔ ሬዲዮ መጠገን ስለምችል ወረታ ሄጄ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ለጥቂት ወር ነው" እል ነበር። እንዲህ እንዳልኩ ሁለት ክረምት አለፈ።

ጊታር እንዳለኝ የሰማው የቀበሌ ሊቀ መንበር አስጠርቶ ከኪነት ቡድኑ ጋር ደመረኝ። በዚያ ዘመን እምቢ ማለት የሚያስከትለውን ስለማውቅ ገባሁ። ቡድኑ ሦስት ሰው ነበረው፦ ማሲንቆ የሚመቱ አዛውንት፣ የአብነት ትምህርቱን አቋርጦ የመጣ ከበሮ መቺ፣ እና ዘፋኟ፣ የገበሬ ልጅ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ። ጊታሬ የኤሌክትሪክ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ መብራት የለውም። ጣቴ እስኪላጥ ብመታ የምሰማው እኔው ብቻ ነበርኩ። ከበሮ መቺው "ጓድ፣ እየተጫወትኸው ነው ወይስ እያከክኸው?" እያለ ይቀልድብኛል።

አዛውንቱ አንድ ልማድ ነበራቸው። ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ወደ ልጅቷ ዞር ብለው "ዛሬስ ጉሮሮሽ እንዴት አድሯል?" ይሏታል። እሷ ጥቂት ታንጎራጉራለች፤ እሳቸው ያንን ሰምተው ማሲንቋቸውን ይቃኛሉ። ጉንፋን ሲይዛት ዝቅ፣ ደስ ሲላት ከፍ። ይህ ነገር በጣም ያናድደኝ ነበር። በእኛ ባንድ ሰው ይታመማል እንጂ ቅኝት አይታመምም። "ለምን አንድ ቦታ አናቆመውም?" ስላቸው "የሚዘፍነው ሰው ነዋ!" ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን የጊታሬን ቅኝት ከነበረበት ላለማንቀሳቀስ ማልኩ። "ክሩ ይበጠስብኛል፣ ሌላ አይገኝም" አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ያንን ቅኝት የለቀቅሁ ቀን ባንዳችን በእርግጥ የተበተነ ይመስለኝ ነበር። ከልምምድ በኋላ ሻይ እንጠጣ ሲሉኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ። እዚያም ሥራ የለም፣ ሰውም የለም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የድሮ ዘፈኖቻችንን ያለ ዘፋኝ እጫወታለሁ። ብቸኝነቱ ያንገበግበኝ ነበር፤ ግን አንድም ቀን የራሴ ጥፋት አልመሰለኝም።

በመስከረም ለአብዮት በዓል፣ ሩዝ ወደሚያመርት የገበሬዎች ማኅበር ሄደን እንድንጫወት ታዘዝን። ከፎገራ ሜዳ ውሃው ገና አልሸሸም፤ ግማሹን በታንኳ፣ ግማሹን ልብሳችንን ሰብስበን በእግራችን ተሻገርን። ስንደርስ የልጅቷ ድምፅ ጎርንኖ ነበር። እኔን ግን ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ጠበቀኝ! ከስንት ጊዜ በኋላ ጊታሬ ጮኸ። አዛውንቱ ጠጋ ብለው "ዛሬ ዝቅ እንበልላት፣ ብርድ መቷታል" አሉኝ። "እርስዎ ወደ እኔ ቅኝት ይምጡ" አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ። ማሲንቋቸውን ከፍ አደረጉ።

ዘፈኑ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ሰዉ መጀመሪያ አዘነላት፣ ቀጥሎ ሳቀ። አንዱ ገበሬ "ኧረ ይኸን ብረት ዝም አሰኙልን፣ ልጂቱን ገደላት!" ብሎ ጮኸ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እንደ ምንም ጨረሰችው። እኔ አላቆምኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ወረታ ስንገባ አዛውንቱ "ልጄ፣ ክር ቢበጠስ ይገዛል፤ ጉሮሮ ግን የት ገበያ ይወጣል?" ብለውኝ ሄዱ። በሚቀጥለው ልምምድ ይቅርታ ልጠይቃት ቆረጥኩ። በማግስቱ ግን ከቤዝ ተጫዋቹ ደብዳቤ ደረሰኝ። "አዲስ ባንድ አቋቁመናል፣ ቶሎ ና" ይላል። ይቅርታው ይደርሳል ብዬ፣ ማንንም ሳልሰናበት በመጀመሪያ ባገኘሁት የጭነት መኪና ባሕር ዳር ገባሁ።

አዲሱ ባንድ ለካ ጊታሪስት ነበረው። እኔ የተጠራሁት እሱ በቀረ ቀን እንድተካው ነው። አንድ ቀን አዲሱ ዘፋኝ አሞት መጣና ሳላስበው "ዛሬ ጉሮሮህ እንዴት አድሯል?" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ወረታ አዝማሪ ሆነህ ነው የመጣኸው?" አለ ቤዝ ተጫዋቹ። ከዚያ ወዲያ "አዝማሪው" እንጂ በስሜ የጠራኝ የለም። እነሱ ሲጫወቱ እኔ ጥግ ተቀምጬ አያለሁ፤ በሰው መሀል እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነበር። ጥር ሲጋመስ ወደ ወረታ ተመለስኩ።

አዳራሹ ተቆልፏል። ከበሮ መቺውንም ለውትድርና ወስደውታል። አዛውንቱን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ ማሲንቋቸውን አልያዙም። ልጅቷ አንበሳሜ እንደተዳረች ነገሩኝ።

"ተቀይማኝ ነው ቡድኑን የተወችው?" አልኳቸው።

"ኧረ መች ተወችና!" አሉ። "እስክትዳር ድረስ አንድም ልምምድ አልቀረችም። በድምጿ ልቃኝላት ስል 'ተዉት አባባ፣ በእሱ ቅኝት ያድርጉት፤ ሲመጣ እንዳላሳፍረው' ትለኛለች። ስንት ጊዜ ሞከረችው መሰለህ። በመጨረሻ ደረሰችበት እኮ። አንተ አልነበርህም እንጂ።"