ከገደል ሾላ ላይ የተጠራች ሙሽራ

ሀዲያ ከገደል የወደቀችው በሠርጓ ቀን ነው። ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ ትልቅ ትንሹ ወይዘሮ ሀዲያ እያለ የሚያከብራቸው እናት ናቸው። ያን ቀን ግን ገና ሙሽራ ነበሩና፣ ስለዚያ ቀን ስጽፍ እንደ ልጅ ብጠራቸው አይቀየሙኝም።

ነገሩ የሆነው ደርግ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሙሽራው የዒምራን አጃቢዎች ከደጋ፣ ከቤተሰቧ ተቀብለዋት ወደ ቆላው ይወርዱ ነበር። በቅሎ ላይ ተቀምጣ፣ ከራሷ እስከ እግሯ በነጭ ሸማ ተሸፍናለች። ከኋላዋ ተፈናጦ የያዛት ሚዜ ቁልቁለቱ ሲብስ ለበቅሎዋ አዝኖ ወረደ። ገደሉን ታክኮ የሚያልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ሲደርሱ የኮርቻው ማሰሪያ ተበጠሰ። በቅሎዋ ቆማ ቀረች፤ ኮርቻውና ሙሽራዋ ወደ ታች ሄዱ።

ከመንገዱ በታች፣ ከቋጥኙ ስንጥቅ የወጣች አንዲት የገደል ሾላ አለች። አፈር የሚባል ነገር አታውቅም። ሥሯ እንደ ቀለጠ ሰም ድንጋዩ ላይ ፈስሶ ተጣብቋል፤ ግንዷ መጀመሪያ ወደ ባዶው ይወጣና ከዚያ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሀዲያን የያዘቻት እዚያ እጥፋቱ ላይ ነው። እግሯ በሥሩና በድንጋዩ መካከል ገባ፤ ሸማዋ ከቅርንጫፉ ጋር ተጠማጠመባት። ኮርቻው ግን እየተንኳኳ እስከ ታች ወረደ።

ከላይ ሲያዩት ቅጠልና ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። አጃቢውን የሚመሩት የሙሽራው አባት ሼህ ሃሩን አጎንብሰው ተጣሩ።

“ሀዲያ! ልጄ! አለሽ ወይ?”

መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ። ዝም። ከሰዎቹ አንዱ “ኢና ሊላሂ” ብሎ ራሱን ያዘ። ሬሳ ማውጫ ገመድ ከመንደር ይምጣ ተባለ፤ መንደሩ ደግሞ ሩቅ ነው።

ሀዲያ ግን በሕይወት ነበረች፤ ሁሉንም ትሰማለች። በዚያ ጊዜ በእነሱ ዘንድ ሙሽራ፣ አማቷ የማናገሪያ ስጦታ ሰጥተው “ተናገሪ” እስኪሏት ድረስ ድምጿን አታሰማቸውም። እናቷ ጧት ስትሸኛት አጥብቃ የነገረቻት ይህንኑ ነበር። እሷም ገደል ላይ ተንጠልጥላ የእናቷን ቃል ትጠብቃለች። በኋላ ሲያጫውቱኝ “ከድንጋጤ የተነሳ ሌላው ሁሉ ከራሴ ጠፍቶ ነበር፤ የቀረኝ ያ ምክር ብቻ ነው” ብለውኛል።

ከአጃቢዎቹ መካከል በላይ የሚባል ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነበር፤ ቀልደኛ ሰው። ነፋስ ሳይኖር ነጩ ጨርቅ ነቅነቅ ሲል አየ።

“አባ ሃሩን፣ ይቺ ልጅ አልሞተችም። እርስዎን አፍራ ነው።”

“በዚህ ሰዓት ምን ቀልድ ነው፣ በላይ!”

“ቀልድ አይደለም። የማናገሪያዋን ይስጧታ! እዚህ ምን አለኝና ካሉ በቃል ይስጧት።”

ሼህ ሃሩን ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ ሰው መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ያን ቀን ግን ጥምጣማቸው እየተፈታ ገደሉ ጫፍ ላይ በደረታቸው ተኙና ጮኹ።

“ሀዲያ! ቀይዋን ጊደር ሰጥቼሻለሁ! ወላሂ ያንቺ ናት! ተናገሪ!”

ከታች ቀጭን ድምፅ መጣ።

“አለሁ።”

የሳቀም ያለቀሰም ነበር። በላይ ደግሞ “ምን አስቸኮለሽ? ትንሽ ብትቆዪ በሬም ያስጨምሩሽ ነበር!” ብሎ ጮኸባት።

ከዚያ በኋላ ገመድ የጠበቀ የለም። ሁሉም ጋቢውን አወለቀ፤ እያጠፉ ገመዱት፣ እየጎተቱ ቋጠሮውን ፈተሹት። በላይ ወገቡን ታስሮ፣ የሾላዋን ሥር እንደ መሰላል እየረገጠ ወረደ። እግሯን ከስንጥቁ አላቀቀና እሷን አስቀድሞ ላከ፤ ጋቢው ተመልሶ እስኪወርድለት ሾላዋን አቅፎ ጠበቀ። ሠርጉ በዚያው ቀን ተደረገ፤ ሙሽራዋ እግሯ አብጦ፣ አጃቢው ያለ ጋቢ።

ቀይዋ ጊደር ወለደች፤ የወይዘሮ ሀዲያ ልጆች በእሷ ወተት አደጉ። ከዚያች ላም ዘር የተናጠ ቅቤ ለበላይ ቤት ሳይላክ ቀርቶ አያውቅም፤ በላይ ካረፈ በኋላም ለልጆቹ ይላካል። የወይዘሮ ሀዲያ ምራት ኢልሀም በሙሽርነት ስትመጣ ደግሞ ገና ከመኪና ሳትወርድ የብር ቀለበታቸውን ከጣታቸው አወለቁና “ማናገሪያሽ ይኸውልሽ፣ ልጄ። በይ አሁን ድምፅሽን አሰሚኝ” አሏት።

ባለፈው ጥቅምት ከእሳቸው ጋር በሚኒባስ ስንወርድ ሾላዋ ከመንገዱ ማዶ ታየች። ወይዘሮ ሀዲያ እጃቸውን አንስተው “አሰላሙ አለይኪ” አሏት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸው። “እማማ፣ ከዝንጀሮ ጋር ነው እንዴ ሰላምታው?”

“ዝንጀሮማ አንተን አይቼ መቼ አጣሁ!”

መኪናው በሳቅ ተሞላ። አጠገባቸው የተቀመጠች ፈይዛ የምትባል ተማሪ ነገሩን ጠይቃ ታሪኩን አስነገረቻቸው። ከጨረሱ በኋላ “እና እማማ፣ ከሁሉም የሚበልጥብዎ የቱ ነው? ሾላዋ ነች ወይስ ጋቢው?” አለቻቸው።

ወይዘሮ ሀዲያ ሾላዋ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ተመለከቷት።

“ሾላዋ ያዘችኝ፤ አላህ ያለምልማት። ጋቢው አወጣኝ፤ ባለቤቶቹን ሁሉ በዱዓዬ አነሳቸዋለሁ። ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን፣ ልጄ፣ ከላይ ሆኖ የሚጠራኝ ሰው መኖሩ ነው። መልስ ሳልሰጥ እንኳ አልተወኝም። ስለዚህ ዛሬም ልጆቼ ሲጠሩኝ፣ ጉርሻ አፌ ውስጥ ቢሆን ቶሎ ዋጥ አድርጌ ‘አለሁ’ እላለሁ።”