ዞራ የተቀበለችኝ ዱላ

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ቅናቴ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ይህን ያወቅሁት ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ሳይ ነው። አገሮች በቡድን ሆነው ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ የሚወዳደሩበት አትሌቲክስ ነበር፤ የሁሉም ነጥብ ተደምሮ ዋንጫው ለአንዱ የሚሰጥበት። ባለቤቴ ትሁን ከኋላዬ ልብስ ትተኩሳለች። ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ሆነው የሚሮጡት ዱላ ቅብብል ተጀመረ። አንዲት ልጅ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ እጇን ወደ ኋላ ላከች፤ ከኋላዋ የሚመጣው ጎረምሳ ዱላውን መዳፏ ላይ ሲያሳርፍላት ጨብጣ ፈተለከች።

«አጥፊው ይሄን ነገር!» አልሁ።

«ምን አደረገህ ደግሞ?» አለች ትሁን።

ምን እንዳደረገኝ ለመናገር ወደ ጎረምሳነቴ መመለስ ሊኖርብኝ ነው።

ያኔ ሁለታችንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን፤ እኔ የሽመና ማሽን ጠጋኝ፣ እሷ ፈትል ክፍል። ፋብሪካው የሩጫ ቡድን ነበረው። አንድ ዓመት፣ የየአገሩ ፋብሪካ ሠራተኞች በቡድን የሚገናኙበት የአዳራሽ ውስጥ ውድድር ጥሪ ከውጭ መጣልን። አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሮጥ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። የትሁን እናት ሲሰሙ «እሳት ካልተነሣ በቀር ቤት ውስጥ ምን ያስሮጣል?» ብለው ሳቁብን።

አሰልጣኛችን ጋሽ ዘውዱ ግን ዘዴ አላጡም። ጥቅምት ነበር፤ አዲሱ ጥጥ ገና አልገባም፤ መጋዘኑ ባዶ ነው። አስፈቅደው እዚያ ውስጥ ያሽከረክሩን ጀመር። ማዞሪያው ላይ ከግድግዳው ጋር እንዳንላተም የቀሩትን የጥጥ እስሮች ደረደሩ። ስንሮጥ ብናኙ ይነሣል፤ ቅንድባችንም ጸጉራችንም ነጭ በነጭ ይሆናል። ያንን ሽታ፣ የጥጥ ፍሬና የአቧራ ሽታ፣ አሁንም አፍንጫዬ ያውቀዋል።

ዱላ ቅብብሉን የምንሮጠው አራት ነን። እኔ ጀምሬ ለዘይነባ እሰጣለሁ፤ ዘይነባ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ሳቂታ። እሷ ለመላኩ ትሰጣለች፤ መላኩ ለትሁን፤ ትሁን ትጨርሳለች። መላኩ ከአዲስ አበባ የመጣ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ቁመናው ያማረ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያበራ ሰው ነበር። ያን ጥርሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።

ትሁንን እወዳት ነበር። ከሥራ ስንወጣ ብስክሌቴ ኋላ ላይ ጭኛት ግሽ አባይ ሰፈር ድረስ አደርሳታለሁ። ከውድድሩ ስንመለስ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ነበር። ግን እኔን ትወደኝ እንደሆነ ወይስ ብስክሌቱ ተመችቷት እንደሆነ አላውቅም። ያ ነበር የሚያብሰለስለኝ።

የልምምዱ ችግር አስተዳደጋችን ሆነ። እኛ አገር ሰው ዕቃ ሲሰጥህ ፊትህን ወደ እሱ መልሰህ፣ በሁለት እጅህ ነው የምትቀበል። ትሁን ደግሞ በወግ ያደገች ልጅ ናት። መላኩ ሽምጥ እየጋለበ ሲመጣ ቆም ትልና ትዞራለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ዱላውን በሁለት እጇ! ጋሽ ዘውዱ ሊያብዱ ምንም አልቀራቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ከአማትሽ ጥሎሽ እየተቀበልሽ ነው እንዴ? አትዙሪ! እጅሽን ብቻ ላኪለት!»

«ኧረ ነውር ነው ጋሼ! ጀርባዬን ሰጥቼ እንዴት ነው የምቀበለው?»

እኔ በሆዴ ጮቤ እረግጣለሁ። መላኩን እንደ እንግዳ እያየችው ነዋ!

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ መላኩ ማዞሪያውን ጨርሶ ሲመጣ፣ ትሁን ሳትዞር እጇን ላከች። ዱላው መዳፏ ላይ ጧ ብሎ ገባ። ዘይነባ እልል አለች፤ ጋሽ ዘውዱ አጨበጨቡ። ወይ ጉድ! ሰው ሳያይ የሚቀበለው ከማን ነው? ከሚያምነው ሰው አይደለም እንዴ? ይህ ሳያንስ ስንወጣ መላኩ ከጸጉሯ ላይ ብናኙን ይለቅምላት ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ ሥራ ፈት! እኔም ራሴ ጥጥ በጥጥ ነበር። ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር ወርደን የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ እንበላለን። የጥቅምት ነፋስ ከጣና ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል፤ ዓሣው ደግሞ ገና ከዘይቱ ስለወጣ ጣት ይፋጃል። ያን ዕለት መላኩ እሾሁን አውጥቶ ትሁንን አጎረሳት። ማጉረስ ወግ ነው፤ ጋሽ ዘውዱንም አጉርሷል፣ እኔንም አጉርሶኛል፣ እግዜር ይይለት! የእሷ ጉርሻ ግን በእኔ ዓይን እንጎቻ አከለ። በንዴት ዳጣውን አብዝቼ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆንህ?» አለችኝ ትሁን።

«ዳጣው ነው።»

በማግሥቱ ጋሽ ዘውዱን ያዝኋቸው። «ጋሼ፣ እኔን ሦስተኛ ያድርጉኝ። ከመላኩ እፈጥናለሁ።»

እንደማልፈጥን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። እኔን አዩ፤ ማዶ ቆማ ጫማዋን የምታስረውን ትሁንን አዩ። «እንግዲያው ሁለታችሁ ሩጡና ይለይ» አሉ። እንዴት እንደሮጥሁ አትጠይቁኝ። መሬቱን አላየሁትም፤ ያየሁት ያን ጉርሻ ብቻ ነው። መላኩን ጥዬው ገባሁ። «ቅናት ለእግርህ ተስማምቶታል» አሉኝ ጋሽ ዘውዱ፤ ቦታውን ሰጡኝ። መላኩም ጨብጦ እንኳን ደስ አለህ አለኝ፤ እሱም አናደደኝ።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ዱላውን ይዤ ለትሁን ስደርስ ዞረች። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ሌላም ቀን ሞከርን፤ ዞረች። ከመላኩ ሳታይ የምትቀበለው ልጅ ከእኔ ሲሆን ትዞራለች። ጋሽ ዘውዱ ተቆጧት፤ እሷ አንገቷን ደፍታ «ውድድሩ ላይ አልዞርም» አለች። እኔ ግን በቃ፣ አታምነኝም ብዬ ደምድሜያለሁ።

የሄድንበት አገር ደጁ በረዶ፣ አዳራሹ ምድጃ ነበር። መሮጫው ማዞሪያው ላይ እንደ ሣህን ጠርዝ ቀና ይላል። ሌሎቹ ልጆቻችን በየሩጫው ነጥብ ለቅመው ዋንጫው በዱላ ቅብብሉ ላይ ተንጠለጠለ። መላኩ ጀመረ፤ ዘይነባ ሁለተኛ ሆና አስረከበችኝ። ከፊቴ ያለውን ሰውዬ መጨረሻው ማዞሪያ ላይ አለፍሁት፤ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ነው። ትሁን ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ እጇን ወደ ኋላ ልካለች። ተመስገን አልሁ በልቤ። ልደርስባት ስል ዞረች። ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ዱላውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ይህን ጊዜ ሁለት ቡድን አልፎን ሄደ፤ ዋንጫውም አብሮ ሄደ።

ትሁን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገላት መላኩ ነው፤ እኔማ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ትንፋሼን እፈልጋለሁ። ወደ አገር ስንመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ቃል አላናገርኋትም።

ቢሆንም ሽማግሌ ላክሁ። መላኩ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው ብል ውሸት አይሆንም። እሺ አለች፤ ተጋባን፤ ልጆች ወልደን ለወግ ለማዕረግ አበቃን። መላኩ አዲስ አበባ ተመልሶ እዚያው አግብቷል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልናል። ስልኩን ይዛ ከት ብላ ከሳቀች ያን ቀን ዶሮ ወጡም አይጥመኝ። ለምን እንደዞረችብኝ ግን ጠይቄያት አላውቅም። «ስላላመንሁህ ነው» ብትለኝስ?

ባለፈው እሑድ ግን ቴሌቪዥኑ ያችን እጅ እየደጋገመ ሲያሳየኝ አላስቻለኝም።

«ትሁን፣ ያኔ ለምን ዞርሽብኝ?»

መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ካውያውን አቆመች።

«ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበር፤ ልክ እንደ ወናፍ። አቅምህ እንዳልሆነ እያወቅህ ስትሮጥ ነበራ! ልትወድቅ መሰለኝ። ለዱላው መቼ ዞርሁ፤ አንተን ልይዝህ ነው።»

ዕድሜ ልኬን የተሸከምሁት ነገር ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አላስችል አለኝ።

«መላኩ ሲመጣስ ለምን አትዞሪም ነበር?»

«መላኩማ ምን ይሆናል ብዬ?» አለች፣ ሸሚዜን አገላብጣ ካውያውን መልሳ እያነሣች። «እሱ አይወድቅም።»

ሰው የሚፈራው ለሚወደው ነው፤ ይህ ገብቶኛል። ዋንጫ ጥላ እኔን ልትይዝ የዞረች ሴት አብራኝ አርጅታለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ? ለራሴ ይህን ስነግረው ሰነበትሁ። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ እኔም እንዲያ ረጋ ብላ «እሱ አይወድቅም» ብትል ምን ነበረበት?