ዳማው ፈረሴና የሰው በቅሎ

የዳማው ሕመም አንድ ፈረስ፣ አንድ በቅሎና አንድ ማደሪያ አስከፈለኝ። በቅሎዋ የእኔ አልነበረችም።

ያኔ ሥራዬ ባና ነበር፤ ከዋድላ ደጋ የሱፍ ብርድ ልብስ እየገዛሁ ለገና ላሊበላ ለሚመጣው ተሳላሚ እሸጣለሁ። ከቆላ የመጣ ሰው የላስታን ብርድ ቢነግሩት አያምንም፤ ካየው በኋላ ደግሞ በዋጋ አይከራከርም። መኪና እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ዘጠኝ ዓመት ከላሊበላ እስከ ዋድላዋ ከተማ ኮን የተመላለስኩት በዳማው ጀርባ ነው። ጠላ የምቀምስባቸውን በሮች ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሳላዘው ይቆማል። አንዴ ከንስሐ አባቴ ጋር ስንጓዝ ሦስት በር ላይ ቆመብኝ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ኃጢአትህን ከአንተ ከምሰማ ከዚህ ፈረስ ብሰማ ይቀለኝ ነበር።»

ኅዳር ላይ የኋላ እግሩን ሳሸው ሽምብራ የሚያህል እባጭ ከቆዳው ሥር እጄን ነካው። በሳምንቱ እባጩ ጭኑን ይዞ ወደ ላይ ተደረደረ፤ የመነኩሴ መቁጠሪያ ይመስል ነበር። አንዱ ፈነዳ።

የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አየችው፣ ዳሰሰችው፣ እጇን ታጠበች። ከዚያ ደግማ ታጠበች። ገበያ ላይ ሰው ዕቃ ነክቶ እጁን ከጠረገ እንደማይገዛ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይዛመታል። በዝንብም፣ በኮርቻም፣ በሚለብሰው ጨርቅም። የሚያድነው መድኃኒት እኛ ዘንድ የለም። ለብቻው ይሰሩት፤ ከባሰበት መግደል ነው የሚሻለው።»

«ሦስት እባጭ ናት እኮ።»

«እኔ አሥራ አንድ ቆጥሬአለሁ።»

«ስምንቱን ተይልኝ።»

አልሳቀችም። «እኔ ብተወው እሱ አይተወውም» አለች።

በዕድሜዬ የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም። ኮን ሌላ ሐኪም አለ፣ ብዙ ዓመት የሠራ ነው ሲሉ ሰማሁና ዳማውን እየሳብኩ በእግሬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ የማድረው አንድ ገበሬ ወዳጄ ቤት ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ማደሪያ አንዲት ሳንቲም አልተቀበለኝም። የነበረችው ሀብት አንዲት በቅሎ ናት፤ ገብሱን ገበያ የምታወርድለት እሷ ናት። እንደ ልማዱ ልጓሙን ከእጄ ወሰደ።

«ዛሬ በእግርህ? ከፈረስህ ተጣላህ እንዴ?»

«ደክሞት ነው።»

«አንተ እየወፈርክ፣ እሱ ለምን አይደክም!»

እየሳቀ ዳማውን በቅሎዋ አጠገብ አሰረው። ከዚያ ከጀርባዋ ላይ አሮጌውን ባና ገፎ ለእሱ አለበሰው። በዚያ ቤት የእንግዳ ፈረስም እንግዳ ነው።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ነገ ኮን ሌላ ነገር ይሉኝ ይሆናል፣ ዛሬ ምን አስቸኮለኝ፣ አልኩ ለራሴ። አፍ አውጥቼ ከተናገርኩት ሕመሙ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ባናውን ለዳማው ሲያለብስ ዝም አልኩ። ጠዋት መልሶ ለበቅሎዋ ሲያለብስም ዝም አልኩ።

የኮኑ ሐኪም እግሩን ጎንበስ ብሎ አየና «ላሊበላ ምን አሉህ?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ታዲያ እዚህ ምን ልትሰማ መጣህ?»

ቅናሽ አልነበረም።

ስመለስ በወዳጄ ደጅ ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞርኩ፤ ግማሽ ቀን ጨመረብኝ። መገንጠያው ላይ ዳማው ወደሚያውቀው ቤት ዞሮ ቆመ። ጎተትኩት። የታመመ እግሩን እያነሳ ተከተለኝ።

የገና በዓል ሳይደርስ መግል የያዘው እባጭ ደረቱ ላይ ወጣ። ኪሴን በአፍንጫው እየበረበረ ቆሎ የሚሰርቀኝ ፈረስ መዳፌ ላይ ያስቀመጥኩለትን ማሽተት ተወ። «ሜዳ ላይ ልቀቀው፣ ጅብ ይገላግልሃል» አሉኝ ጎረቤቶቼ። እኔም በፊት ያረጀች አህያ እንዲሁ ለቅቄ አውቃለሁ። ዳማውን ግን አልቻልኩም። ጉድጓድ አስቆፈርኩና አንድ ሚሊሻ ጎረቤቴ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። የዳማውን ፊት በጋቢዬ ሸፈንኩ። «አይዞህ» ስለው ጆሮው ወደ ድምፄ ዞረ።

ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ጋቢዬን አቃጠልኩ። ከነካው ሁሉ አንድ ባና ቀረ፤ የት እንዳለም አውቅ ነበር። ለወዳጄ መልእክት የምልክበት ሰው አጣሁ አልኩ። ሰውማ በየቀኑ ወደዚያ ያልፍ ነበር።

ራሴ የሄድኩት በየካቲት ነው። በቅሎዋ ለብቻዋ ታስራለች፤ እባጩ ከጭኗ አልፎ ሆዷ ላይ ደርሷል። ወዳጄ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ አልተነሳም።

«ያንለት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ብነግረው አያሳድረኝም ብለህ ነው?»

«ታሳድረኝ ነበር።»

«እንግዲያስ ምን ነካህ?»

የበቅሎዋን ዋጋ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ነበርና አጠገቡ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። በሳምንቱ ቋጠሮው ሳይፈታ በመንገደኛ እጅ ተመለሰልኝ።

በቅሎዋ ለፋሲካ አልደረሰችም። ወዳጄ ገብሱን በትከሻው ተሸክሞ ገበያ ሲወርድ ያዩት ሰዎች ነገሩኝ። እኔ ሌላ ፈረስ አልገዛሁም። ኮን የምሄደው በሚኒባስ ነው፤ የማድረው ከፍዬ ነው።